በምንሽር ትዝታ ለልጅ ሾትጋን አይገዛም

“እኔ በአንተ ዕድሜ ምንሽር ተሸክሜ ከብት እጠብቅ ነበር!”

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አባት ልጁ ሾትጋን ሲጠይቀው ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ከሆነ፣ ጠመንጃው ሳይገዛ ስህተቱ ተገዝቷል ማለት ነው።

ወሬው እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ስለማይጠፋ ከመነሻው እንጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። ይህችው ግዛት በ2001 የተጀመረ የተማሪዎች የሸክላ ዒላማ ተኩስ ሊግ አላት። ዛሬ ሊጉ ወደ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ተሻግሮ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ይወዳደሩበታል። ጨዋታው ቀላል ነው። ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን የመሰለ ሸክላ ከመሬት ካነሰች ቤት ውስጥ በማሽን ይወነጨፋል። ተኳሹ 15 ሜትር ያህል ከኋላ ቆሞ ከመራቁ በፊት ይሰብረዋል። አንዱ ዙር 25 ሸክላ ነው። ወንድም ሴትም በአንድ ቡድን ይተኩሳሉ፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያረጅ ልጅ የለም። ልምምዱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይሆን በአካባቢው የተኩስ ክለብ ነው፤ የደህንነት ኮርስ ያልጨረሰም አይገባም። የሊጉ መፈክር እንኳ ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፦ ደህንነት፣ ደስታ፣ ከዚያ በኋላ ዒላማ መምታት።

እንግዲህ አንድ ልጅ፣ ወይም አንዲት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት የምዝገባ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ጓደኞቹ ገብተዋል። ኅዳር ላይ ግማሹ ክፍል ከአባቱ ጋር አጋዘን አደን ሲሄድ እሱ ብቻ ነው ሰኞ ወሬ የሌለው። “አባዬ፣ ፈርምልኝ” ይላል። ሳሎኑ ለሁለት ይከፈላል። እናት “ከጠመንጃ ሸሽተን መጥተን እዚህም ጠመንጃ?” ትላለች። አባት ደግሞ ያቺን የምንሽር ዐረፍተ ነገር ይናገራል።

ከእናት እንጀምር፤ ክርክሯ የሚገባውን ያህል አይከበርምና። ከ2020 ወዲህ በአሜሪካ ልጆችንና ጎረምሶችን በመግደል የጦር መሣሪያን የሚቀድም ነገር የለም። የመኪና አደጋንም አልፏል። አሥመራና መቀሌ፣ ጎንደርና ነቀምቴ ላይ የጠመንጃ ድምፅ ሰምታ ያደገች ሴት “አይሆንም” ብትል ኋላ ቀር የሚላት ሰው ራሱ ይመርመር። ግን የእሷ “አይሆንም” የሚሠራው እስከ በራፏ ድረስ ብቻ ነው። ልጇ ለልደት የሚሄድበት ቤት፣ የሚያድርበት የጓደኛው ምድር ቤት፣ ጠመንጃ ያለበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ነው። “ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?” ብሎ ጎረቤቱን የሚጠይቅ የሐበሻ ወላጅ ስንት ነው? “ያፍሩብናል” ተብሎ ይተዋል። ልጁ የአሳማ ሥጋ እንዳያበሉት የሚደወለው ስልክ ለጠመንጃ አይደወልም። እምቢ ማለት ሙሉ መብት ነው፤ እምቢ ብሎ ዝም ማለት ግን ልጁን ስለ ጠመንጃ የሚያውቀውን ሁሉ ከቲክቶክ እንዲማር መላክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጠብ ግን ከእናት ጋር አይደለም። “እሺ” ብሎ በጭፍን ከሚገዛው ጋር ነው።

አባት ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያ መሸጫ ይገባል። ትልቅ ሱቅ ነው፤ የዓሣ መያዣና የድንኳን መደርደሪያ አልፎ ከኋላ በኩል ግድግዳ ሙሉ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ዓይኑ የሚያርፈው በጥቁሩ ላይ ነው። አጭር አፈሙዝ፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ እጀታ፣ ጎኑ ላይ የመብራት ማሰሪያ። ዋጋው 250 ዶላር አካባቢ። ጎኑ ያለው የእንጨት ሰደፍ ረጅሙ ጠመንጃ ከ400 በላይ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ “ለመጀመሪያ ይህ ይበቃል፣ ቤትም ይጠብቃል” ይላል። ተሸጠ።

ይህ ጠመንጃ ለሚፈለገው ሥራ ከዱላ ብዙም አይሻልም። አፈሙዙ 18 ኢንች ተኩል የሆነው የአሜሪካ ሕግ ከ18 ኢንች በታች የሆነን ሾትጋን ከ1934 ጀምሮ ልዩ ምዝገባ ስለሚጠይቅበት ነው። ከሕጉ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ፣ ለጠባብ ኮሪደር የታሰበ መሣሪያ ነው። በሰማይ ላይ የሚሸሽ ሸክላ ለመከተል ረጅም አፈሙዝ፣ 26 ወይም 28 ኢንች ያለው፣ እየተወዛወዘ ዒላማውን የሚከተል ሚዛን ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ብትኑን የሚያጠበው፣ እነሱ ቾክ የሚሉት ማጥበቢያም የሚቀያየር መሆን አለበት። ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የለውም። ልጁ ሁለት ሳምንት ይሞክራል፣ ከ25 ስድስት ይሰብራል፣ ይሳቅበታል፣ ይተዋል። ጠመንጃው ግን ቤት ይቀራል። ስፖርት ብሎ የገባው ዕቃ ስፖርቱ ሲወጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። የ250 ዶላሩ “ርካሽ” እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚጀምረው።

ከሻጩ የባሰው ግን በማኅበር ቀን ከጠላው ጋር የሚቀርበው ምክር ነው። አንድ ጋሼ አይጠፋም። “12 ግዛለት። 20 የሴት ነው።”

ጋሼ ስለ ቁጥሩ አያውቁም፤ ቢያውቁ አይሉም ነበር። አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ቢከፋፈል የአንዱ ድቡልቡል ውፍረት የ12 ቁጥር አፈሙዝ ስፋት ነው፤ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል። ለ20 ቢከፋፈል ያነሰ ይሆናል፤ 15 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ወንድነት፣ ሴትነት የሚባል ነገር በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ያለው የእርሳስ ክብደት፣ የጠመንጃ ክብደትና የልጅ ትከሻ ነው።

የሚገርመው ደግሞ፣ ጋሼን የሚቃወመው ሩኅሩኅ አባትም በሌላ አቅጣጫ ይሳሳታል። “ልጅ ነው፣ ትንሿን ልግዛለት” ብሎ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን የምትመዝን ቀጭን ጠመንጃ ያመጣል። ቀላል ናት፣ ዋጋዋም ደህና ነው። ግን አካሉ የማይሸነግል ሕግ አለ፦ ወደፊት የሚተፋው እርሳስ በከበደና ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመጣው ምት ይበረታል። ቀላሏ ጠመንጃ ለመሸከም እንጂ ለመተኮስ ቀላል አይደለችም። ልጁ በአሥረኛው ተኩስ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስወጣት አሠልጣኝ ወራት ይፈጅበታል።

ከሁሉም ትንሿ፣ 410 የምትባለው፣ ወጥመዷ ድርብ ነው። የእሷ ቁጥር የእርሳስ ክፍፍል ሳይሆን የአፈሙዙ ስፋት በኢንች ነው። ለዒላማ የሚተኮሰው ጥይቷ 14 ግራም ያህል እርሳስ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የ12 ቁጥር ሙሉ ጥይት 32 ግራም ይይዛል። እህሉ ካነሰ ሸክላውን የሚነካው ያንሳል። ስለዚህ 410 የጀማሪ ሳይሆን የበቃ ተኳሽ መጫወቻ ናት። የጥይቷ ዋጋ ደግሞ ከ12ቱ በእጅጉ ይወደዳል። ለሕፃን ታስባ የተገዛች ጠመንጃ ሕፃኑንም ኪሱንም ትቀጣለች።

ታዲያ ምን ይገዛ?

መጀመሪያ ምንም። ክለቦቹና አሠልጣኞቹ ብዙ ጊዜ የሚያውሱት ጠመንጃ አላቸው። ልጁ ሦስትና አራት ጊዜ በውሰት ይተኩስ። ይህን ሲል የሚያፍር አባት አለ፤ “ልጄ በሰው ዕቃ?” ይላል። ስኒ ከጎረቤት ተውሶ እንግዳ ሲያስተናግድ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ኩራቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ያስቸግራል። በውሰት የሚገኘው እውቀት በገንዘብ አይገኝም። የልጁ ዋና ዓይን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ያበጅ፣ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር ይይ፣ ከዚያ አንድ አንድ ዓይኑን ይጨፍን። ነገሩ ያልጠፋበት ዓይን ገዢው ነው። ቀኝ እጁ ጎበዝ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚገዛ ልጅ ብዙ ነው። ያ ልጅ ከግራ ትከሻው መተኮስ ቢማር ይሻለዋል፤ ስለዚህ ባዶ ቀለሁ ፊቱ ላይ የማይተፋ፣ ሴፍቲው ለግራ እጅ የማያስቸግር ጠመንጃ ይፈልጋል። ሞስበርግ 500 ሴፍቲው ከላይ፣ አውራ ጣት ሥር ስለሆነ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። በዚያው ኩባንያ በርካሽ የሚሸጠው ማቨሪክ 88 ግን ሴፍቲው ከምላጩ አጠገብ በጎን የሚገፋ ነው። 150 ዶላር ልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሻጩ ካልተጠየቀ አይናገርም።

ሁለተኛው ልክ ነው። ጫማ ሳይለካ አይገዛም፤ ጠመንጃ ግን በወሬ ይገዛል። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ለዐዋቂ 14 ኢንች አካባቢ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ 12 ወይም 13 ሊሆን ይገባል። ልጁ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ወገቡ ወደ ኋላ ከተለመጠ ወይ ረዝሞበታል ወይ ከብዶታል። ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ለወጣት ተብለው ከሚሠሩት ውስጥ ሰደፋቸው በስስ ጠፍጣፋ ጭማሪ የሚረዝም፣ ልጁ ሲያድግም በሙሉ ሰደፍ የሚለወጥ አሉ። አንድ አፈሙዝ፣ ሁለት ዕድሜ። ለነገሩ ለልጅ ተብሎ የሚገዛው ለእናቱም ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ሜዳው ላይ የምትታየው እሷ ናት።

ሦስተኛው ሂሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ “ርካሽ” የሚለው ቃል የሚፈተነው እዚህ ነውና። በውድድር ሰሞን አንድ ተማሪ በሳምንት 50 ሸክላ ይተኩሳል። 25 ፍሬ ያለው አንድ ፓኬት 10 ዶላር ነው ብንል በሳምንት 20፣ በአሥር ሳምንት 200 ዶላር ጥይት ብቻ ነው። የሸክላውና የክለቡ ክፍያ ለብቻ። የጆሮና የዓይን መከላከያ ለብቻ። ሦስት ዓመት ከተኮሰ የጥይቱ ወጪ 600 ደርሷል። ከዚህ ጎን ሲታይ በ250 እና በ450 ዶላር ጠመንጃ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰሞን ጥይት ነው። ሰው ግን የሚከራከረው በመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ላይ ነው። መኪናም የሚገዛው እንዲሁ ነው፤ ነዳጁን ሳያስብ።

በዚህ ሂሳብ ከታየ ለአብዛኛው ጀማሪ ሁለት መንገድ አለ። ለትንሹ፣ ለ12 እና ለ13 ዓመቱ፣ በእጅ የሚሳብ 20 ቁጥር የወጣት ጠመንጃ፤ አዲሱ ውድ ከሆነ ያገለገለው። ትከሻው ለጠነከረው፣ 15 እና 16 ለሞላው፣ በጋዝ ራሱን የሚያቀባብል ያገለገለ 12 ቁጥር፣ ግን በቀላል ጥይት። ይህ ጋሼን ደስ ሊያሰኝ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የእሳቸው አይደለም። ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን 12 ቁጥር 25 ግራም እርሳስ ሲተፋ፣ ያው የ20 ቁጥር ጭነት ነው፤ ክብደቱ ምቱን ይውጠዋል፣ ጋዙ ደግሞ የቀረውን በጊዜ ያረዝመዋል። ከሁለት ኪሎ ተኩሏ 20 ይልቅ ይህ ለትከሻ ይለሰልሳል። በ1963 ለገበያ የወጣው ሬሚንግተን 1100 በዚህ ለስላሳነቱ ነው የሚታወቀው። ያገለገለው ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። “አላቀባብል አለ” ተብሎ በቅናሽ ከተሸጠ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዶላር የምታወጣ የላስቲክ ቀለበት ናት።

ያገለገለ ሲገዛ ጥይት አለመኖሩ ሁለት ጊዜ ይታይ፣ ከዚያ አፈሙዙ ተፈትቶ በብርሃን ውስጡ ይታይ። ጥርሱ የተበላ፣ ጎኑ የተጠረመሰ፣ ዝገት የቆፈረው ከሆነ ዋጋው ምንም ይሁን ይተው። በ1950 የጀመረው ሬሚንግተን 870 አሮጌው፣ ዊንግማስተር የሚባለው፣ የአባት ልጅ የሚወርሰው ዕቃ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት በርካሽ የወጣው ኤክስፕረስ ግን ቀለህ ይይዛል እየተባለ ይታማል። ኩባንያው ራሱ በ2018 እና በ2020 ሁለት ጊዜ ከስሮ ተከፋፍሎ የተሸጠ ነው። ስም ብቻ አይቶ መግዛት ለምን እንደማይበጅ ከዚህ ሌላ ምሳሌ አያሻም።

የቱርኩስ? በኢትዮጵያ ዜና “ቱርክ ሠራሽ” የሚለው ቃል በኮንትሮባንድ ከተያዘ ሽጉጥ ጋር ተቆራኝቶ ስለሚሰማ አባት ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። ነገር ግን በኮንያ ክፍለ ሀገር ያለችው ሁግሉ ከተማ የሾትጋን አንጥረኞች አገር ናት፤ ዛሬ በአሜሪካ ሱቅ በሌላ ስም የሚሸጠው መካከለኛ ዋጋ ያለው ሾትጋን አብዛኛው ከቱርክ የሚመጣ ነው። መጥፎም ጥሩም አለ። መጠየቅ ያለበት የት እንደተሠራ ሳይሆን መለዋወጫው አሜሪካ ውስጥ ይገኛል ወይ፣ ዋስትናውን የሚያከብረው ማን ነው የሚለው ነው።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። በአንድ ቤት ሁለቱም ቁጥር ካለ፣ ወይም አባት ለልጁ 20 ገዝቶ የራሱ 12 ካለው፣ የ20 ጥይት ቢጫ የሆነበትን ምክንያት ልጁ ማወቅ አለበት። የ20 ጥይት በስህተት 12 ቁጥር ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ ሸርተት ብሎ አፈሙዙ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ተኳሹ ጠመንጃው ባዶ ይመስለዋል። የ12 ጥይት ከኋላ አጉርሶ ሲተኩስ አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። ቀለሙ ቢጫ የተደረገው ለዚህ ነው። ሁለቱን ጥይት በአንድ ኪስ የሚይዝ ሰው፣ ልጅም ይሁን ዐዋቂ፣ ከሜዳው ይውጣ።

እስካሁን የተባለው ስለ ጠመንጃ ነበር። የሐበሻ አባት የበለጠ ሊፈራው የሚገባው ግን ወረቀቱን ነው።

ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሾትጋን፣ ከ21 በታች ለሆነ ሽጉጥ አይሸጥም። አባት ለልጁ ስጦታ መግዛት ይችላል። መግዛት የማይችለው፣ ራሱ በሕግ ለተከለከለ የአጎት ልጅ፣ ወይም “ብሩን እሰጥሃለሁ፣ በስምህ አውጣልኝ” ላለው ጓደኛ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ለተከለከለ ሰው መግዛትን እስከ 15 ዓመት በሚያሳስር ወንጀል መድቦታል። በአገራችን “በስሜ ላውጣልህ” ማለት ውለታ ነው፤ መኪናም ቤትም እንዲህ ይወጣል። እዚህ ቅጹ ላይ የተጻፈች አንዲት ውሸት ወንጀል ናት። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለው በአብዛኛው አይችልም። ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ጨርሶ አይችልም፤ መያዙም ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም እንዲሁ፣ “ቀላል ጥፋት ነው” ቢባልም። ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል ከእስር በኋላ ከአገር የሚያስወጣ ምክንያት ነው። የሃያ ዓመት ኑሮ በአንድ ቅጽ ሊፈርስ ይችላል። ይህን ለአባትየው የሚነግረው ማን ነው? ሻጩ አይደለም፤ ጋሼም አይደሉም።

ቁልፉስ? ከመቶ ዶላር በላይ የሚያወጣ የብረት ሣጥን ሲባል “ዋጋውን አስወደዳችሁት” የሚል አለ። አዎ፣ ይወደድ። ሣጥኑ የጠመንጃው ዋጋ አካል ነው፤ ለሁለቱ የማይበቃ ብር ለአንዱም አልበቃም። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ። የሚኒሶታ ሕግ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥን በወንጀል ያስጠይቃል። ከሕጉ የሚከብድ ነገር ግን አለ። በአሜሪካ በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሞተው በራሱ እጅ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የልጅ ጭንቀት ስም የለውም። “ምን ጎደለበት?” ይባላል። ወይ ወደ ጸበል ይወሰዳል፣ ወይ ስልክ አብዝቶ ነው ይባላል። ክፍሉን ዘግቶ የሚውል፣ መብላት የተወ፣ ከጓደኛ የራቀ ልጅ ያለበት ቤት ጠመንጃ አይገባም፤ ገብቶም ከሆነ ለጊዜው ይውጣ። ልጁን ቁልፉ ያለበትን ቦታ አያውቅም ብሎ የሚያምን አባት፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ የእናቱ ስኳር የተቆለፈበትን ቁልፍ የት እንዳገኘ ያስታውስ።

የመጨረሻው በየትኛውም የጀማሪ መመሪያ ላይ የማይገኝ ነው። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለሌላ ልጅ ነው።

ሐምሌ 6 ቀን 2016 በሴንት ፖል አጠገብ ፋልኮን ሃይትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የ32 ዓመት ጥቁር ሰው በትራፊክ ፖሊስ ቆመ። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ነበር። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። መሣሪያ መያዙን ለፖሊሱ በጨዋነት ተናገረ። ተገደለ። ፖሊሱ በቀጣዩ ዓመት በነፃ ተለቀቀ። ይህ የሆነው የሐበሻ ልጆች ለልምምድ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ ሊሆን ይችላል፤ በመንገድ መብራት ሥር ግን ጥቁር ነው።

ስለዚህ ጠመንጃው ልጁ ብቻውን የሚጓዝበት ዕቃ አይደለም። ባዶ ሆኖ፣ በከረጢቱ ውስጥ፣ በመኪናው ሻንጣ ውስጥ፣ መሪው ላይ ወላጅ ተቀምጦ ይሂድ፤ እንዲሁ ይመለስ። ከረጢቱ ማታውኑ ከመኪናው ይውጣ። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ውስጥ የተረሳ ሾትጋን ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ጠመንጃ ይዞ ለተገኘ ተማሪ የፌዴራሉ ሕግ መነሻ የሚያደርገው የአንድ ዓመት መባረርን ነው። ነጩ የክፍል ጓደኛው “ረስቼው ነው” ሲል ሊታመን ይችላል። ከጠመንጃው ጋር የተነሣው ፎቶም ቲክቶክ ላይ አይወጣ። ጓደኛው ብርቱካናማ የአዳኝ ኮፍያ አድርጎ ሲለጥፍ አዳኝ ይባላል፤ እሱ ሲለጥፍ ምን እንደሚባል አባትም ልጅም ያውቁታል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። አባት ፍትሕን ለከተማው ምክር ቤት ያሳስብ፣ ልጁን ግን በመኪናው ራሱ ያድርስ።

“ይህ ሁሉ ለአንድ ስፖርት?” የሚል ይኖራል። አዎ። እግር ኳስ ኳስና ጫማ ይበቃዋል። ይኼኛው ሰባትና ስምንት ቅዳሜ፣ የተቆለፈ ሣጥን፣ የተነበበ ቅጽ፣ ልጁን በዓይኑ የሚያውቅ አባት ይጠይቃል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ታክሲ ነድቶ ሌሊት የሚገባ ሰው ይህን ዘንድሮ ላይችል ይችላል። ችሎታ ማጣቱ ነውር የለውም፤ ለልጁም እንዲህ ብሎ ሊነግረው ይችላል፦ “የኔ ልጅ፣ ዘንድሮ በክለቡ ጠመንጃ ተኩስ፤ በእረፍት ቀኔ እኔው አደርስሃለሁ።” የክለቡ ጠመንጃ በሚቀጥለው ማክሰኞም እዚያው መደርደሪያው ላይ አለ።